ስለ መኪና ዊንች አሠራርና አያያዝ፤ የመኪና ሻንሲ በጉተታ እንዳይጎዳ የተሰጠ ማብራሪያ

ለየአገሩ ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ላላቸው ሰዎች ሁሉ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዘርና ማዳበሪያ የጫነ መኪና በጭቃ ተይዞ መቅረቱ ለማንም የወረዳ ሹም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የበለጠ መሬት ይሸፍናል። የዚህ አፈር ጠባይ በበጋ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል፥ ይሰነጠቃልም፤ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ከጎማም ጋር ተጣብቆ አይለቅም። ለእህል መልካም አፈር ስለሆነ ትቶት የሚሄድ የለም፤ ስለዚህ መኪናም ወደ እርሱ መግባቱ አይቀርም። በመኪና ፊት የሚታሰረው ዊንች የሚባለው መጎተቻ ለእንዲህ ያለው ችግር የተገኘ ታላቅ ረዳት ነው።

ዳሩ ግን ዊንች የሚያድነውን ያህል ደግሞ ያጠፋል። ገመዱ ሲወጠር የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በጭቃ በተያዘው መኪና ላይ ነው፤ ያው ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ በጎታቹ መኪና አጥንት ላይ የሚያርፍ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዊንቹ 40 ኩንታል ሲስብ፥ ዊንቹ የታሰረበት ብረትም በዚያው ሰዓት 40 ኩንታል ይሳባል፤ ይህም የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በምንም ብልኃት አይቀርም። ሥራውን ያላወቀ ሰው አንዱን መኪና ከጭቃ አወጣለሁ ሲል የሌላውን መኪና ሻንሲ አጉብጦ ይመለሳል። ሻንሲው የጎበጠ መኪና ጎማው ያለ ጊዜው ያልቃል፥ መሪውም ወደ አንድ ወገን ይስባል፥ ብረቱም ከተሰነጠቀ ጭነት መሸከም አይችልም። የዘር ወር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ በሐምሌ ለጥገና የቆመ መኪና የሐምሌን ማዳበሪያ አያደርስም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ አንድ ነው። መንጠቆው፥ ገመዱ፥ ከበሮው፥ ቡሎኑ፥ ሻንሲው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚወጠሩ፥ እንደ አንድ ሰንሰለት የተያያዙ ዕቃዎች ናቸው። ጉተታው ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ከእነዚህ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ የትኛው አስቀድሞ እንዲሰበር ባለቤቱ አስቦ መምረጥ አለበት። ባለቤቱ ያልመረጠ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከሁሉ በሚወደደው ዕቃ ላይ፥ ይልቁንም በሰው ሕይወት ላይ ነው።

1ኛ. ዊንች ምን እንደሆነ

ዊንች ገመድ የሚጠመጠምበት የብረት ከበሮ፥ ከበሮውን በቀስታ ነገር ግን በብርቱ ኃይል የሚያዞሩ የማርሽ ጥርሶች፥ እነርሱንም የሚያንቀሳቅስ ሞተር ያለው መሣሪያ ነው። ኃይሉን የሚያገኝበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ከመኪናው ካምቢዮ በተሳበ ዘንግ ይዞራል፤ ሁለተኛው ከመኪናው ባትሪ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሦስተኛው ተጨምቆ በሚገፋ ዘይት ይዞራል። በማናቸውም ቢሆን በሻንሲው ላይ የሚያርፈው ኃይል አንድ ነው።

በብረት ገመድ መጎተት ከእርሻ ጋር ጥንታዊ ዝምድና አለው። ጆን ፋውለር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በእንፋሎት ኃይል የሚጎተት ማረሻ አሠርቶ፥ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የእርሻ ማኅበር ያቆመውን የ500 ፓውንድ ሽልማት ተቀበለ። በኋላ በተስፋፋው አሠራር ሁለት ከባድ የእንፋሎት ሞተሮች በእርሻው ግራና ቀኝ ዳር ቆመው በመካከል ያለውን ማረሻ ተራ በተራ ይስቡት ነበር። ሞተሮቹ ወደ እርሻው ስለማይገቡ አፈሩን አይረግጡትም፥ በጭቃም አይያዙም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የከበሮው አቀማመጥ ነው። ከበሮው ከፊት ተንጠልጥሎ የታሰረ ሳይሆን በማሽኑ ሆድ ሥር፥ ለመሬት ቀርቦ፥ በመካከል ተሰቅሎ ነበር። መሐንዲሶቹ አስቀድመው ጉተታውን አሰቡ፤ ማሽኑን የሠሩትም ለጉተታው እንዲስማማ አድርገው ነው።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩት ጂኤምሲ የሚባሉት የአሜሪካ የጦር ካሚዮኖችም ይህንኑ ትምህርት ይሰጣሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከፊት 45 ኩንታል ያህል የሚስብ ዊንች ነበራቸው፤ ዊንቹም በመከላከያ ብረት ላይ ብቻ የታሰረ ሳይሆን የሻንሲው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ወደ ፊት ተቀጥለው በእነርሱ ላይ የተቀመጠ ነበር። ዛሬ ከገበያ ተገዝቶ በማናቸውም መኪና ላይ የሚታሰረው ዊንች ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት የለውም፤ ዝግጅቱን ማሟላት የገዢውና የሠራተኛው ፈንታ ነው።

2ኛ. ጉተታው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ስለ ማስላት

በጭቃ የተያዘ መኪና ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ በግምት ማወቅ ይቻላል። የአሜሪካ የጦር ሠራዊት ለመኪና አውጪዎች በሰጠው መመሪያ ጭቃው እስከ ጎማው የደረሰ እንደ ሆነ የሚያስፈልገው ጉተታ ከመኪናው ሙሉ ክብደት ጋር እኩል ነው። ጭቃው ከጎማው በላይ ያለውን ክዳን የደረሰ እንደ ሆነ የክብደቱ ሁለት እጥፍ፥ ሾፌሩ የሚቀመጥበትን ክፍል የደረሰ እንደ ሆነ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዳገት ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ በ100 ሜትር ርቀት 20 ሜትር የሚወጣ ዳገት ከክብደቱ አምስተኛውን ያህል ይጨምራል።

እንግዲህ ከነጭነቱ 70 ኩንታል የሚመዝን መኪና እስከ ጎማው ከተያዘ 70 ኩንታል ጉተታ ይጠይቃል፤ በዚያ ዓይነት ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ 14 ኩንታል ተጨምሮ 84 ይሆናል። 40 ኩንታል የሚስብ ዊንች ብቻውን ይህን አይችልም። የማይችለውን እንዲችል የሚያስገድደው ሰው የሚሰብረው ዊንቹን ወይም ሻንሲውን ነው። ነገር ግን ከመኪናው 30 ኩንታል ማዳበሪያ ቢወርድ፥ ከጎማዎቹ ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ቢጠረግ፥ ጎማውም በሚወጣበት መስመር ድንጋይና ቅርንጫፍ ቢነጠፍ፥ ሥራው ግማሽ ይቀላል። አካፋና የሰው ጉልበት ከሻንሲ ይረክሳሉ። ስለዚህ ጭነት ማውረድና መቆፈር የድካም ሥራ ቢመስልም ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ነው።

3ኛ. ኃይሉ በሻንሲ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ

የጭነት መኪና ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና እነርሱን የሚያያይዙ አግዳሚ ብረቶች አሉት። ረጃጅሞቹ ብረቶች ብዙ ጊዜ እንደ ቦይ በአንድ ወገን ክፍት ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ቅርጽ ከላይ የሚመጣውን ጭነት ለመሸከም በጣም ብርቱ ነው፤ ከጎን ሲገፉትና ሲጠመዝዙት ግን ደካማ ነው። የዊንች ጉዳት ሁሉ ምክንያቱ በዚህ ይገኛል። ዊንች ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሳበ እንደ ሆነ ሻንሲው ይችለዋል፤ ወደ ጎን፥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሳበ እንደ ሆነ ግን ባልተሠራለት ሥራ ላይ ይውላል።

ስለ ከፍታ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ገመዱ ከሻንሲው ብረት መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 40 ኩንታል የሳበ እንደ ሆነ፥ በ1 ሜትር ዱላ ጫፍ ላይ 10 ኩንታል ተሰቅሎ እንደሚያጎብጠው ያህል ሻንሲውን ያጎብጠዋል። ከፍታው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የማጉበጡ ኃይል ወደ አምስተኛው ይወርዳል። ስለዚህ ዊንች በተቻለ መጠን ከሻንሲው ብረቶች ጋር ትክክል ሆኖ፥ በሁለቱ መካከል መቀመጥ አለበት። ለመታየት ሲባል ከፍ አድርጎ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከጎን መሳብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ገመዱ ከመኪናው ቀጥታ መስመር 30 ዲግሪ ዞሮ የሳበ እንደ ሆነ ከጉተታው ግማሽ የሚሆነው፥ ይኸውም 20 ኩንታል፥ ሻንሲውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ገመዱ የሚወጣበት በር ከመጀመሪያው አግዳሚ ብረት 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ ቢሆን፥ በ1 ሜትር ዱላ ጫፍ 16 ኩንታል ወደ ጎን እንደ መግፋት ይሆናል። ዙሩ 15 ዲግሪ ብቻ ቢሆን ግን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል 10 ኩንታል ያህል ነው። ከዚህም በቀር ገመዱ በከበሮው በአንድ ጎን ብቻ ተከምሮ የከበሮውን ግድግዳ ይገፋል፥ ቤቱንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከማሳብ በፊት መኪናውን ወደ ገመዱ መስመር አቅንቶ ማቆም ይገባል። ቦታው ጠቦ ማቅናት ያልተቻለ እንደ ሆነ የገመዱን አቅጣጫ በሌላ ዛፍ ላይ በታሰረ መዘውር ማዞር ይሻላል።

ስለ ቡሎን ደግሞ ብዙ ሰው ቸል ይላል። በአብዛኛው የመኪና ዊንች የሚታሰረው በአራት ቡሎን ሲሆን፥ ቡሎኖቹ ከጎን ወደ ጎን 25.4፥ ከፊት ወደ ኋላ 11.4 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። ገመዱ ከመቀመጫው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 40 ኩንታል የሳበ እንደ ሆነ ዊንቹ ወደ ፊት ሊገለበጥ ይሞክራል፤ የኋለኞቹም ሁለት ቡሎኖች በጠቅላላው 35 ኩንታል ያህል ወደ ላይ ይሳባሉ። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ቡሎን 10 ኩንታል የሚቆርጥ ኃይል ይሸከማል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበት ቡሎን ይህን በደኅና ይችላል፤ ለመበጠስ 68 ኩንታል ያህል ይጠይቃልና። በዚያው ውፍረት ያለው ለስላሳ ተራ ቡሎን ግን በዚህ ኃይል ይለጠጣል፤ አንድ ጊዜ የተለጠጠ ቡሎን ደግሞ ዳዶው ይላላል፥ ዊንቹም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለቱን ቡሎኖች ከሩቅ ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው በራሳቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብቻ ነው።

ስለ ብየዳም ማስጠንቀቅ ይገባል። የከባድ መኪና ሻንሲ ብረት ብዙ ጊዜ በእሳትና በማቀዝቀዝ የጠነከረ ነው። በላዩ የበየዱበት እንደ ሆነ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። እንደዚሁም የብረቱ የላይኛውና የታችኛው ከንፈር ከሁሉ የበለጠውን ጭነት የሚሸከም ስለሆነ በእርሱ ላይ ቀዳዳ መብሳት አይገባም። ቀዳዳ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ በቋሚው ግድግዳ ላይ፥ ከከንፈሩ ርቆ ይበሳ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመኪናው ፋብሪካ አስቀድሞ በተዋቸው ቀዳዳዎች መጠቀም፥ የዊንቹንም መቀመጫ በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስረዝሞ በቡሎን ማሰር ነው። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ በአንድ ነጥብ ሳይከማች በርዝመቱ ሁሉ ይከፋፈላል።

ሻንሲ የሌላቸው፥ አካላቸው ራሱ እንደ አጥንት ሆኖ የሚያገለግል ትናንሽ መኪናዎች ደግሞ አሉ። የእነዚህ የፊት አካል በግጭት ጊዜ ታጥፎ ሰዎቹን እንዲያድን ሆኖ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ከባድ ብረትና ዊንች ማሰር ለጉተታ አይጠቅምም፤ በግጭት ጊዜም የተሰጠውን መከላከያ ያሰናክላል። ስለዚህ እንዲህ ያሉት መኪናዎች ለዊንች ሥራ አይመረጡ።

የዊንቹም ክብደት መታሰብ አለበት። ዊንቹና መከላከያው ብረት በጠቅላላው 100 ኪሎ ቢመዝኑና ከፊት ጎማ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጡ፥ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ80 ባለው መኪና ላይ የፊት ባሌስትራው የሚጨመርበት 100 ሳይሆን 129 ኪሎ ያህል ነው፤ ከኋላ ደግሞ 29 ኪሎ ይቀልለታል። ስለዚህ የፊት ባሌስትራ ተመርምሮ ካስፈለገ መጠንከር አለበት።

4ኛ. አስቀድሞ የሚሰበረውን ስለ መምረጥ

ገበሬ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ማረሻው በድንጋይ ወይም በሥር ቢያዝ፥ ቀንበሩንና ሞፈሩን የሚያያይዘው ምራን ቢበጠስ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አዲስ ምራን አስሮ ሥራውን ይቀጥላል። ሞፈሩ ቢሰበር ግን የዚያ ቀን እርሻ ቀረ፥ ሞፈር የሚሆን እንጨትም መፈለግ አለበት። የመኪና ዊንች ሠሪዎችም የተከተሉት ይህንኑ ጥበብ ነው።

ከካምቢዮ በሚሳብ ዘንግ በሚሠራ ዊንች ላይ፥ ዘንጉን ከዊንቹ ጋር የሚያያይዝ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ትንሽ ችንካር ይገኛል። ጉተታው ከልኩ ሲያልፍ ይህ ችንካር ተቆርጦ ከበሮው ይቆማል፤ የቀረው ሁሉ ይድናል። ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ከባዱ ግን ችንካሩ ደጋግሞ ሲቆረጥ ሠራተኛው ተናዶ በምትኩ ብርቱ ቡሎን መክተቱ ነው። ያን ቀን ዊንቹ የበረታ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚሰበረው ነገር ከርካሽ ዕቃ ወደ ማርሹ፥ ወደ ገመዱ፥ ወደ ሻንሲው ተዛወረ ማለት ነው። ችንካር ደጋግሞ ሲቆረጥ ትርጉሙ ጭነቱ በዛ፥ አውርዱ፥ ቆፍሩ፥ መዘውር ጨምሩ ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ በሚሠራ ዊንች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ማቋረጫው ነው። ጭነቱ ሲበዛ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ ማቋረጫውም ግሎ ይቆርጠዋል። ማቋረጫውን አውጥቶ በሽቦ ማያያዝ ችንካሩን በቡሎን እንደ መተካት ነው።

ከዚህ ጋር መታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ዊንች ሲሸጥ በላዩ የሚጻፈው ኃይል ከበሮው ላይ የመጀመሪያው የገመድ ረድፍ ብቻ ሲቀር ያለው ኃይል ነው። የከበሮው ውፍረት 64 ሚሊ ሜትር፥ የገመዱ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በመጀመሪያው ረድፍ 40 ኩንታል የሚስብ ዊንች በሁለተኛው ረድፍ 32፥ በሦስተኛው 27፥ በአራተኛው 23 ኩንታል ያህል ብቻ ይስባል። ገመዱ ሲደራረብ ከበሮው እየወፈረ ስለሚሄድ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ብርቱ ጉተታ የሚፈልግ ሰው ገመዱን በብዛት ፈትቶ ሩቅ ላይ ማሰር ይገባዋል፤ መቀመጫውን የሚሠራው ሠራተኛ ግን ስሌቱን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ረድፍ፥ ይኸውም በትልቁ ኃይል ላይ ያድርግ። ነገር ግን ገመዱ ሁሉ አይፈታ፤ የብረት ገመድ ከሆነ ከ5 ዙር ያላነሰ በከበሮው ላይ ይቅር። ገመዱን የሚይዘው ከከበሮው ጋር ያለው መፋተግ እንጂ ጫፉን የያዘችው ትንሽ ቡሎን አይደለችምና።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ይሁን። ከሁሉ ደካማው ችንካሩ ወይም ማቋረጫው ይሁን፤ ከእርሱ የዊንቹ ማርሽ ይበርታ፤ ከማርሹ ገመዱ፥ ከገመዱ መንጠቆውና ቡሎኑ፥ ከሁሉ ይልቅ ሻንሲው ይበርታ። ይህ ተራ የተጠበቀበት መኪና ጉዳቱ ከችንካር አያልፍም።

5ኛ. ስለ መዘውርና ስለ መልሕቅ

ፑሌጃ የሚባለው መዘውር የጉተታን ኃይል ሁለት እጥፍ ያደርጋል። ገመዱ ከዊንቹ ወጥቶ በተያዘው መኪና ላይ በታሰረው መዘውር ዞሮ ሲመለስ፥ 40 ኩንታል የሚስብ ዊንች፥ በመፋተግ የሚጠፋው ጥቂት ሳይቆጠር፥ የተያዘውን መኪና በ80 ኩንታል ይስበዋል። ዳሩ ግን የገመዱ ጫፍ የት እንደሚታሰር ብዙ ልዩነት አለው። ጫፉ ተመልሶ በጎታቹ መኪና ላይ የታሰረ እንደ ሆነ ጎታቹ መኪና ራሱ 80 ኩንታል ይሸከማል። ጫፉ በአጠገቡ ባለ ጽኑ ዛፍ ላይ የታሰረ እንደ ሆነ ግን ዛፉ 40፥ መኪናው 40 ይሸከማሉ፤ የተያዘውም መኪና እንደ ፊቱ 80 ኩንታል ይሳባል። አንድ ዛፍ የመኪናውን ሸክም በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ዛፍ ያልተገኘ እንደ ሆነ ጫፉ በዊንቹ መቀመጫ ላይ ሳይሆን በሻንሲው ብረት በቀጥታ በታሰረ መንጠቆ ላይ ይሁን።

መዘውሩ የሚታሰርበትም መንጠቆ 80 ኩንታል እንደሚሸከም አይረሳ። ፓራውልት የሚባለው የፊት መከላከያ ወይም ተጎታች የሚያያዝበት ክብ ራስ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ሲበጠስም እንደ ጥይት ይወረወራል። በዛፍ ላይ ሲታሰር ደግሞ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ይጠምጠም እንጂ የብረት ገመድ በዛፉ ላይ አይዙር፤ ዛፉንም ገመዱንም ይጎዳልና።

ጎታቹ መኪና ራሱ እየተንሸራተተ ካስቸገረ ከኋላው በሰንሰለት ከዛፍ ጋር ማሰር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ሲደረግ ሻንሲው ከፊት እስከ ኋላ በሙሉ ኃይል ይለጠጣል። ከፊት ባሉት መንጠቆዎች ማሰር ይሻላል። ጎማዎቹም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፉ፥ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መኪናውን በማርሽ ብቻ ይዞ ማሳብ የካምቢዮውን ጥርስ ይሰብራል።

6ኛ. ስለ ድንገተኛ ጉተታ

ገመዱ ላልቶ ሳለ መኪናውን ወደ ኋላ አስሮጦ በድንገት መወጠር የቸኮለ ሾፌር ልማድ ነው፤ ክፋቱ ግን በቁጥር ሊታይ ይችላል። 30 ኩንታል የሚመዝን መኪና በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየሄደ 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የብረት ገመድ በድንገት ቢወጥር፥ በዚያች ቅጽበት 40 ኩንታል ያህል ኃይል ይነሣል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ኃይሉም ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ወይም ሻንሲው አይተርፍም። ዊንች ግን ይህን አይፈልግም፤ የዊንች ጥቅሙ በቀስታ መሳቡ ነው። ገመዱ በቀስታ ይወጠር፥ ከተወጠረ በኋላ ይቁም፥ ሁሉ ይመርመር፥ ከዚያ በኋላ ይሳብ።

7ኛ. ስለ ትራክተር

በእርሻ ቦታ ላይ የተያዘ መኪና ብዙ ጊዜ የሚወጣው በትራክተር ነው። ትራክተር በጉተታ ጊዜ ከመሰበሩ ይልቅ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሰው መግደሉ የሚያስፈራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። 30 ኩንታል የሚመዝን፥ የክብደቱም መካከል ከኋላ ጎማው 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የሆነ ትራክተር፥ ገመዱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ የታሰረበት እንደ ሆነ 24 ኩንታል ሲስብ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ። ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፥ በዝቅተኛው የመጎተቻ ዘንግ የታሰረ እንደ ሆነ ግን ለመገልበጥ 60 ኩንታል ይጠይቃል፤ ያን ያህል ከመሳቡ በፊት ጎማው ይንሸራተታል። ስለዚህ ገመድ ከዝቅተኛው መጎተቻ ዘንግ በቀር በትራክተር በማናቸውም ክፍል ላይ አይታሰር።

8ኛ. የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ

መኪና ሲያዝ ሕዝብ ለማየት ይሰበሰባል፤ ልጆችም በገመዱ አጠገብ ይሯሯጣሉ። የተወጠረ የብረት ገመድ እንደ ቀስት ኃይል ያከማቻል፤ ሲበጠስም ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ስለዚህ በሥራው ቦታ ያለው ሹም ወይም አለቃ ሕዝቡን ከገመዱ ርዝመት በላይ ማራቅ አለበት፤ በሁለቱ መኪናዎች መካከል ሰው አይቁም፥ በገመዱም ላይ አይራመድ። በገመዱ መካከል ከባድ ብርድ ልብስ ወይም አፈር የተጨመረበት ጆንያ ቢጣልበት ሲበጠስ ወደ ታች ይጫነዋል። ገመዱን የሚይዝ ሰው የቆዳ ጓንት ያድርግ። ዛሬ ከብረት ገመድ ይልቅ እጅግ ቀላል የሆነ፥ ከጠንካራ ክር የተፈተለ ገመድ ይሸጣል፤ ሲበጠስ የሚወረወርበት ኃይል ትንሽ በመሆኑ ይመረጣል። ነገር ግን ስለት ያለው ድንጋይ፥ የፀሐይ ሙቀትና የጭቃ አሸዋ ስለሚጎዱት ከሥራ በኋላ መታጠብና በጥላ መቀመጥ ይገባዋል። በከበሮው ላይም ስለሚንሸራተት ከብረቱ ገመድ የበዛ፥ 10 ዙር ያህል፥ ሳይፈታ ይቅር።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል ብለዋል። ዊንችም እንደ አያያዙ ነው። ስለዚህ ዊንች ያለው መኪና በሥሩ ያለ ሹም ሁሉ ክረምት ከመግባቱ በፊት፥ በግንቦት ወር፥ የሚከተለውን እንዲያስፈጽም እናሳስባለን።

1. የዊንቹ መቀመጫ በሻንሲው ረጃጅም ብረቶች ላይ በቡሎን የታሰረ መሆኑ ይመርመር፤ በመከላከያ ብረት ላይ ብቻ የታሰረ ቢሆን ሥራ ላይ አይዋል።
2. ቡሎኖቹ ሁሉ 8.8 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸው ይሁኑ፤ ዳዶዎቹም ይጥበቁ።
3. በብየዳ አጠገብና በቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ጭቃው ታጥቦ ይታይ።
4. በችንካር ቦታ ቡሎን፥ በማቋረጫ ቦታ ሽቦ የገባ ቢሆን ወዲያው ይውጣ፤ ትርፍ ችንካሮች በመኪናው ውስጥ ይቀመጡ።
5. ክሮቹ የተበጠሱበት ወይም የታጠፈ ገመድ ይለወጥ።
6. ከዊንቹ ጋር አንድ መዘውር፥ አንድ ሰፊ የዛፍ ቀበቶ፥ ሁለት አካፋ፥ ጓንትና ብርድ ልብስ ከመኪናው አይለዩ።
7. ጉተታን የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሾፌሩም የሚታዘዘው ለእርሱ ብቻ ይሁን።

ይህን የሚፈጽም ወረዳ ለእያንዳንዱ መኪና የሚያወጣው ጥቂት ቡሎን፥ ጥቂት ችንካርና የአንድ ቀን ምርመራ ነው። ይህን ያልፈጸመ ግን አንድ ቀን፥ ምናልባትም ዘሩ በሚፈለግበት በዚያው ሳምንት፥ የጎበጠ ሻንሲ ወይም የሞተ ሰው ይዞ ይመለሳል።